ከካንሰር ኪኒን በኋላ ፀጉሬ ምን ሆነ? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ለካንሰር ታማሚዎች መድኃኒት የማድል ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ማስመለስና ስለ ድካም ሁሉም በግልጽ ይጠይቀኛል። ስለ ፀጉር ግን በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። ለዚህ ነው ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ያልኩት። የማወራው በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ስለሚገድለው ሕክምና፣ ስለ ኬሞ አይደለም። ካንሰሩን እደግ የሚለውን መልእክት ለይተው ስለሚዘጉት መድኃኒቶች ነው። ኬሞ ብዙ ጊዜ ፀጉርን ያረግፋል። እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩን ይቀይሩታል።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ አዘዞ ነው የምንኖረው። ለደም ካንሰር ኢማቲኒብ ከጀመረች ዓመት ሆናት። ፊቷ ቀላ፣ ሽበቷ ደግሞ ጠቆረ። ጎረቤቱ ቀለም ተቀብታ ነው ይላል።

አልተቀቡም፤ ጎረቤት ያሻውን ይበል። ኢማቲኒብ የካንሰሩን ፕሮቲን ብቻ አይዘጋም፤ ኪት የሚባለውንም ይነካል። ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ያለ ኪት ይደክማሉ። ፊታቸው የቀላው ለዚህ ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቶሎ ያስታውቃል። የሽበቱ መጥቆር የዚህ ተቃራኒ ቢመስልም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ሐኪሞች መድኃኒቱን ከሚወስዱ 133 ሰዎች በ9ኙ ላይ ሽበት ሲጠቁር ማየታቸውን ጽፈዋል። ጉዳት የለውም። ለቆዳቸው ግን ተጠንቀቂ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ገበያ ሲወጡ ጃንጥላ አይለያቸው።

ወንድሜ ለሳንባ ካንሰር ኤርሎቲኒብ ይወስዳል። ሽፋሽፍቱ ረዝሞ ተጠቀለለ። እኛ እንስቃለን፤ እሱ ግን ዓይኔን ይወጋኛል ይላል።

እባካችሁ ሳቁን ተዉትና ዓይኑን እዩለት። መድኃኒቱ ኢጂኤፍአር የተባለውን የዕድገት መቀበያ ይዘጋል። የፀጉር ሥርም ይህንኑ መቀበያ ስለሚጠቀም የራስ ፀጉር ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ሽፋሽፍትና ቅንድብ ደግሞ ይረዝማሉ። አንድ አባት መነጽራቸውን በየደቂቃው ሲጠርጉ አይቼ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ሽፋሽፍታቸው መስታወቱን ይነካል፤ ዓይናቸውን ባርገበገቡ ቁጥር ጭረት ጭረት ያለ እድፍ ይተውበታል። ሽፋሽፍቱን አትንቀሉ። ሌላ ሰው በጥንቃቄ ያሳጥርለት። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ብርሃን ካስቸገረው ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ የዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እኔ ለሳንባ ካንሰር ጌፊቲኒብ ላይ ነኝ። ራሴ ላይ ብጉር ወጣ። እናቴ ለጋ ቅቤ ተቀቢ ትለኛለች። ለጥምቀትም ሹሩባ መሠራት አምሮኛል።

የእናትሽ ምክር ከፍቅር ነው፤ አሁን ግን አይሆንም። ቁስል ወይም መግል ባለበት ራስ ላይ ቅቤ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ያልተነጠረ ከሆነ ጀርምም ይጨምርበታል። መጀመሪያ ብጉሩን ለሐኪምሽ አሳዪ፤ የሚቀባ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ይህን የምወተውትሽ ቁስሉ ከቆየ ጠባሳ ስለሚሆንና ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር ስለማይበቅል ነው። ራስሽ ሲድን ቅቤውን ጫፍ ጫፉን ብቻ አስነኪው።

ሹሩባውንም ራስሽ ከዳነ በኋላ ላላና ወፈር አድርገሽ ተሠሪው። ሠሪዋ ስትጨርስ ቅንድብሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ግንባርሽ ከተወጠረ ይፈታ፤ አትፈሪያት። የደረቀ ፀጉር ሲሳብ ይበጠሳል፤ ከሥሩም ሊነቀል ይችላል። ካልደረሰልሽም ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ላይ ነጠላ ያልተከናነበ ሴት ስንት አለ? አንቺም ተከናንበሽ ትዘምሪያለሽ።

ለኩላሊት ካንሰር ሱኒቲኒብ እወስዳለሁ። ፀጉሬ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያለ ይወጣል።

መድኃኒቱን አራት ሳምንት ወስደህ ሁለት ሳምንት የምታርፍ ከሆነ፣ ፀጉርህ ያንን እየመዘገበ ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በምትወስድበት ጊዜ የወጣው ይነጣል፣ ስታርፍ የወጣው ይጠቁራል።

የልጄ ሰርግ ሚያዝያ ላይ ነው። ለደም ካንሰር የምወስደው ኒሎቲኒብ ፀጉሬን አሳሳብኝ። እስከዚያ ሁለት ወር ባቆመውስ?

እናቴ፣ እባክዎ በራስዎ አያቁሙት። ምርመራዎ ጥሩ ቢሆንም የካንሰሩ ሴል ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ኪኒኑ ሲቋረጥ የቀረው ተመልሶ የመራባት ዕድል ያገኛል። ፀጉርዎ ያስጨነቀዎት መሆኑን ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይህ ቅንጦት አይደለም። ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መዛባትም ፀጉር ያሳሳሉ። በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ይታከማሉም።

ለሰርጉ ቀለም መቀባትስ?

ራስዎ ላይ ቁስል ከሌለ ይቻላል። ቀለሙን ግን መጀመሪያ ከጆሮዎ ጀርባ ጥቂት ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካሳከከዎት ይጣሉት።