«የዘረመል አርትዖት» ወይስ «ዘረመል ማረም»?

ጥያቄ፦ ጋዜጣ ላይ «የዘረመል አርትዖት» የሚል አነበብኩ። አርትዖት የመጽሐፍ ሥራ አይደለም እንዴ? ባለቤቴ ደግሞ «የዘረመል ምሕንድስና ነው የሚባለው» ትለኛለች። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ዘረመል በፊደል እንደ ተጻፈ ያለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ ነው። «አርትዖት» ከግእዝ የመጣ ነው። «አርትዐ» አቀና፣ ቀጥ አደረገ ማለት ነው። «ርቱዕ አንደበት» የምንለውም የእሱ ዘመድ ነው። እንግሊዝኛው «ኤዲት» መጨመርም መቀነስም ይሆናል። የኛው ቃል ግን ፍርድ አለበት፤ የተጣመመ ነበረ፣ ተቃና ይላል።

ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ጉበቱ አሞኒያን ማስወገድ ያቃተው ሕፃን ነበር። ሐኪሞች አንዲት የተሳሳተች የዘረመል ፊደል የሚያቃና፣ ለእሱ ብቻ የተሠራ መድኃኒት ሰጡት። ይሄ አርትዖት ነው። በ2023 ለሲክል ሴል የደም በሽታ የተፈቀደው ካስጌቪ የተባለ ሕክምና ግን የተበላሸውን ፊደል አይነካም። ሌላ ቦታ ቆርጦ፣ ከተወለድን በኋላ የሚዘጋውን የጽንስ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን) መልሶ ያስከፍታል። በሽተኛው ይጠቀማል፤ ቃሉ ግን ልኩ አይደለም። በ2018 ደግሞ ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩዪ የጤነኛ ጽንሶችን ዘረመል ቀየረ፤ መንትዮች ተወለዱ። ምን የተጣመመ ነበርና ነው የሚቃናው? ሰውየው 3 ዓመት ተፈርዶበታል። ያንን «አርትዖት» ማለት ማቆላመጥ ነው።

ስሕተት ሲቃና እኔ «ማረም» እላለሁ። ጽሑፍም ይታረማል፣ ማሳም ይታረማል። ጤፍ ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ አረሙና ቡቃያው ይመሳሰሉና እጅ ስቶ ጤፉን ይነቅላል። የተመራማሪዎቹም ስጋት ይኸው ነው። ክሪስፐር የተባለው መቁረጫ ተመሳሳይ ፊደላት ካገኘ ያልታሰበ ቦታ ሊቆርጥ ይችላል። በጽንስ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ጤፍ እንዳይጋሸብ ቁመቱን በዚሁ ዘዴ የማሳጠር ሙከራም አለ። የጤፍ መርዘም ስሕተት ስላልሆነ «ዘረመሉ የተለወጠ ጤፍ» ይበቃል። «ዘረመሉ የተነካ» ግን አትበሉ፤ ጤፉን አበደ ያስብላል።

ባለቤትዎም አልተሳሳቱም። ምሕንድስና ሰፊው ስም ነው፤ ከሌላ ፍጡር ዘረመል አምጥቶ መጨመርንም ያካትታል። ማረም ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው።