ከከሰል ጉድጓድ እስከ ስድስት የዓለም ዋንጫ፦ ስለ ሬይ ሪርደን ጥያቄና መልስ

ዌልሳዊው የስኑከር ተጫዋች ሬይ ሪርደን በ2024 በ91 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ ስለ እርሱ የሚጠይቁኝ በርክተዋል። አብዛኞቹ የሚያውቁት ድራኩላ የሚለውን ቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዘንግ ይዘው ጠረጴዛ ላይ ካጎነበሱ ሰዎች ሁሉ እኔ ከልቤ የማከብረው እርሱን ነው። ስለዚህ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ለመመለስ ተቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው የሠፈራችንን ፑልና ከረንቡላ ነው። ስኑከር በምን ይለያል?

መልስ፦ መጀመሪያ በስፋቱ። የጠረጴዛው ርዝመት ከ3 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ለስሕተት ቦታ አይሰጡም። 15 ቀይ ኳሶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ያስገኛሉ። ከዚያ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡኒ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7። አንድ ቀይ ካስገባህ አንድ ባለ ሌላ ቀለም ትመታለህ፤ እርሱ ከገባ ወጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀዩ ግን አይመለስም። አንዱ ጨዋታ ፍሬም ይባላል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የሚገባ ኳስ ሳይኖርህ ሲቀር ነጩን ኳስ ከሌሎች ኳሶች ኋላ ትሸሽገዋለህ፤ ባላጋራህ መምታት ያለበትን ኳስ በቀጥታ እንዳያገኘው። ይህ መሸሸግ ራሱ በጨዋታው ስም ስኑከር ይባላል። ሪርደን ንጉሥ የነበረውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቹ ባለጸጎች ነበሩ? ይህ ጨዋታ የሀብታም ይመስለኛል።

መልስ፦ በፍጹም። የተወለደው በ1932 በደቡብ ዌልስ ትሪዲጋር በምትባል የከሰል ከተማ ነው። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ በዚያ ሸለቆ ወንድ ልጅ ከተወለደ ዕጣ ፈንታው ጉድጓድ ነበርና ሬይም በ14 ዓመቱ ወረደ። ነገር ግን እነዚያ ሠራተኞች በየከተማው ከደመወዛቸው እያዋጡ ያቆሟቸው የመሰብሰቢያ ቤቶች ነበሯቸው፤ አንዱ ክፍል ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ክፍል የቢሊያርድ ጠረጴዛ። ሬይ ጨዋታውን የተማረው በዚህ ዓይነቱ ቤት ውስጥ፣ ከፈረቃ በወጡ ሰዎች መካከል ነው።

በዚያችው በትሪዲጋር ክሊፍ ዊልሰን የሚባል፣ ኳስ እንደ መብረቅ የሚያስገባ ሌላ ወጣት ነበረ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቤቱ በቆፋሪዎች ይሞላ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሪርደን መከላከልን ጠንቅቆ የተማረው ከዚህ ልጅ ጋር ነው፤ ለዊልሰን ክፍት ኳስ ትቶ መቀመጥ ፍሬሙን በእጁ እንደ ማስረከብ ነበርና። ከ1950 እስከ 1955 ድረስ የዌልስን የአማተሮች ሻምፒዮና ስድስት ዓመት በተከታታይ ያነሳው ሪርደን ነው።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ ሲወርድ ነጭ ጓንት ያደርግ ነበር የሚባለው እውነት ነው? በሕይወት ተቀብሮስ ነበር?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ናቸው። ጓንቱን የሚያጠልቀው ጣቶቹ ለማታው ጨዋታ እንዳይቆስሉበት ነው። እስቲ አስቡት፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የሰዉ ፊት ሳይቀር በጠቆረበት ቦታ ነጭ ጓንት።

የተቀበረው በዌልስ ሳይሆን ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ኦን ትሬንት ከሄደ በኋላ ፍሎረንስ በተባለው ጉድጓድ ነው። ጣሪያው ተደርምሶ ለሦስት ሰዓታት ያህል ፍርስራሽ ሥር ቆየ። መንቀሳቀስ አይችልም፤ ቢወራጭ የሚተነፍሰው አቧራውን ነው። ታዲያ በሐሳቡ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ብይ መጫወት ጀመረ። አንዷን ብይ ይለቃል፣ የወንድሙን ተራ ይጠብቃል፣ እንደገና ይለቃል፤ ጓደኞቹ ቆፍረው እስኪያወጡት ድረስ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። በኋላ በትልልቅ መድረኮች ላይ የታየው እርጋታ ሲነሣ እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ ጨለማና ያች ብይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፖሊስ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው?

መልስ፦ አዎ ልጄ፣ ከአደጋው በኋላ ከሰሉን ትቶ በስቶክ ፖሊስ ሆነ። ጠመንጃ የያዘ ሰው አስፈትቶ ምስጋና ተችሮታል። በ1964 የእንግሊዝን የአማተሮች ሻምፒዮና ጆን ስፔንሰርን በፍጻሜው ረትቶ ወሰደ፤ በ1967 ደግሞ የደንብ ልብሱን መልሶ ሙያተኛ ሆነ። ያኔ ዕድሜው 35 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ስለ ማቆም የሚያስቡ አሉ።

ጥያቄ፦ ከስድስቱ የዓለም ዋንጫዎች የትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ ያሸነፈው በ1970፣ 1973፣ 1974፣ 1975፣ 1976 እና 1978 ነው። ብዙ ሰው 1978ን ይመርጣል፤ በሼፊልዱ ክሩሲብል ቲያትር ደቡብ አፍሪካዊውን ፔሪ ማንስን 25 ለ 18 ሲረታ 45 ዓመቱ ነበርና። ለእኔ ግን የ1975ቱን የሚያህል የለም።

ፍጻሜው የተካሄደው በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ነው። ባላጋራው አውስትራሊያዊው ኤዲ ቻርልተን፤ ግንብ የሆነ ተጫዋች፣ ሕዝቡም ከእርሱ ጋር። ቀድሞ 31 ፍሬም የደረሰ ያሸንፋል። ቻርልተን 29 ለ 23 መራ፤ ሁለት ብቻ ቀረው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ተስፋ ቆርጦ ኳሱን እንደ መጣ መምታት ይጀምራል። ሪርደን ግን አልቸኮለም። አንዱን ፍሬም ወሰደ፣ ሌላውን ወሰደ፤ ሰባቱን በተከታታይ ሰበሰበና 30 ለ 29 መራ። ቻርልተን ደግሞ እጅ አልሰጠም፣ 30 እኩል አደረገው። ስልሳ ፍሬም ተጫውተው ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ፍሬም ወረደ ማለት ነው። እርሱንም ሪርደን ወሰደው።

ጥያቄ፦ ድራኩላ ለምን ተባለ?

መልስ፦ ድራኩላ የልብ ወለድ ደም መጣጭ ነው፤ የሪርደንም ወደ ኋላ የተላገ ጥቁር ጸጉሩ ግንባሩ መሐል ላይ እንደ ጦር ይሾላል፤ ሲስቅ ደግሞ የውሻ ክራንቻዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። እርሱም አልተቀየመበትም።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ?

መልስ፦ በ1978 ለሻምፒዮኑ የተከፈለው 7,500 ፓውንድ ነበር። ሌላው ዌልሳዊ ማርክ ዊሊያምስ በ2018 ለዚያው ዋንጫ 425,000 ፓውንድ ወስዷል። ልዩነቱን ያመጣው ቴሌቪዥን ነው፤ ቢቢሲ በ1969 የጀመረው ፖት ብላክ የተባለ ውድድር ጨዋታውን ባለ ቀለም አድርጎ ወደየቤቱ አስገባው። የመጀመሪያውን ፖት ብላክ ያሸነፈውም ሪርደን ነው።

ጥያቄ፦ ተወዳዳሪ ባልነበረበት ዘመን ያሸነፈ ሰው ነው። በ1970 ስንት ሰው ነበር? ከእርሱ በኋላ ከመጡት ሻምፒዮኖች፣ ከስቲቨን ሄንድሪና ከሮኒ ኦሱሊቫን ጋር ማወዳደር አግባብ አይመስለኝም።

መልስ፦ የመጀመሪያው ሐሳብህ ትክክል ነው፤ በ1970 ለዋንጫው የቀረቡት ከአሥር አይበልጡም ነበር። ኳስ በተከታታይ በማስገባትም የዛሬዎቹ ይበልጡታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰው የሚመዘነው በፊቱ ከቆሙት ጋር ነው። ስፔንሰርን፣ ቻርልተንን፣ አሌክስ ሂጊንስን ደጋግሞ ገጥሟል። በ1976 የዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ሲጀመር የመጀመሪያው ቁጥር አንድ እርሱ ሆነ፤ እስከ 1981 ማንም አላወረደው። በ1982 ደግሞ ወደ 50 ዓመቱ ሲቃረብ ወደዚያው ወንበር ተመለሰ። ተወዳዳሪ ስላልነበረ ብቻ እንዲህ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ከአሌክስ ሂጊንስ ጋር የተጫወተውን የ1982ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ በሐዘንም በደስታም። 15 እኩል ደርሰው ሂጊንስ 18 ለ 15 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋን ፍሬም በአንድ ጊዜ 135 ነጥብ ቆጥሮ ጨረሰ። ሂጊንስ እያለቀሰ ሕፃን ልጁን ሲጠራ ሁሉም የሚያስታውሰው ያን ዕንባ ነው። እናንተ ግን ቅጂውን ስታገኙ ሪርደንን ተመልከቱ። ሰባተኛ ዋንጫው ከእጁ ወጥቶ ሳለ ፊቱ ላይ ቅሬታ የለም።

ጥያቄ፦ ሮኒ ኦሱሊቫንን አሠልጥኖታል የሚባለውስ? ሁለቱ በጠባይ ፈጽሞ አይገናኙም።

መልስ፦ የተገናኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦሱሊቫን ኳስ ማስገባትን ከማንም መማር አያስፈልገውም ነበር። ሪርደንን እንዲያማክር የመከሩት አባቱ ናቸው። ሽማግሌው ያስተማረው የማይገባውን ኳስ ትቶ ነጩን መሸሸግን፣ ባላጋራ እስኪሳሳት መጠበቅን ነው። በ2004 ኦሱሊቫን ግሬም ዶትን 18 ለ 8 ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያ ሰሞን ጨዋታው ውስጥ የሪርደን እጅ በግልጽ ይታያል።

ደስ የሚለኝ ቀጣዩ ነገር ነው። የዓለምን ዋንጫ በትልቅ ዕድሜ በማንሳት ሪርደን በ1978 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 44 ዓመት ቆየ። በ2022 በ46 ዓመቱ የሰበረው ኦሱሊቫን ነው። ሪርደን ያኔ በሕይወት ነበረ፤ 89 ዓመቱ።

ጥያቄ፦ ዌልስ ውስጥ እርሱን የተካ አለ?

መልስ፦ ቴሪ ግሪፊትስ በ1979 ዋንጫውን ወስዷል። ከዚያ በኋላ ማርክ ዊሊያምስ፤ እርሱም የእነዚያው ሸለቆዎች ልጅ፣ አባቱም ከሰል ቆፋሪ። በ2000፣ በ2003 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሪርደን በ1982 ጂሚ ዋይትን 10 ለ 5 ረትቶ ለደረጃ ነጥብ በሚታሰብ ውድድር ያሸነፈ በዕድሜ ትልቁ ሰው ሲሆን 50 ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ያን ክብረ ወሰን በ2025 በቻይና፣ ሺያን ከተማ የሰበረው ዊሊያምስ ነው፤ ሾን መርፊን 10 ለ 3 አሸንፎ፣ እርሱም በ50 ዓመቱ።