ዕጣኑ ስላልሸተተኝ እግዚአብሔር ርቆኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በኮቪድ ታምሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽተት አልችልም። ድሮ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳልፍ የዕጣኑ ሽታ ብቻውን ልቤን ያሳርፈው ነበር። አሁን ቆሜ አስቀድሳለሁ እንጂ ምንም አይሰማኝም። ለጓደኛዬ ብነግራት «ዕጣን የማይሸተው ጸጋ የራቀው ነው፤ ራስሽን መርምሪ» አለችኝ። እውነት እግዚአብሔር ርቆኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልራቀሽም። የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጓደኛሽ ያለችሽ ነገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ዓይን እንደሚታመም፣ ጉልበት እንደሚታመም፣ አፍንጫም ይታመማል። የሰውን ሕመም አይቶ «ይህ የኃጢአትህ ነው» ማለት የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት ነው። እግዚአብሔርም በእነርሱ ተቆጥቷል።

ኀዘንሽ ግን ይገባኛል። ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂው የአባትሽ ቤት ሽታ ነው የጠፋብሽ። ማዘንሽን እምነት እንደ ማጣት አትቁጠሪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ዛሬ ቅዳሴው አልተሰማኝም» ይለኛል። «ጠበል ቦታ ሰውነቴን ውርር አድርጎኝ ነበር፣ አሁን ግን ቀረ» የሚልም አለ። ውርር ሲለው እግዚአብሔር መጣ፣ ሲቀርበት ሄደ ይላል። እንባ ስትመጣ ተሰማሁ፣ ስትደርቅ ተረሳሁ ይላል። እንዲህ እየቆጠሩ ስንቶች ቤተ ክርስቲያን መምጣት እንዳቆሙ አይቻለሁ። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕጣኑ የሚታጠነው ለማን ነው? ለእኛ አፍንጫ ነው እንዴ? ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ መሥዋዕት ሲያቀርብ «እግዚአብሔርም መልካሙን መዓዛ አሸተተ» ነው የሚለው። ዳዊትም «ጸሎቴን በፊትህ እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» አለ። ካህኑ የዕጣን ማጠኛውን፣ ጽናውን፣ ይዞ ሲዞር መዓዛው የሚያርገው ወደ እርሱ ነው። ለእኛ የሚደርሰን ከእርሱ የተረፈው ነው። አንቺ ባታሸችውም የቀረበለት አምላክ ተቀብሎታል።

ይስሐቅን አስቢው። ዓይኑ ፈዝዞ ነበርና በቀሩት ሕዋሳቱ ነበር የሚመረምረው። ልጁን ዳሰሰው፣ ጠጉራም ነው። የቀረበለትን በላ፣ ጣፈጠው። ልብሱን አሸተተ፣ ሽታው የዔሳው ነው። ሁሉም አሳሳቱት! ጆሮው ብቻ «ድምፁ የያዕቆብ ነው» ብሎ እውነቱን ነግሮት ነበር፣ እርሱ ግን እጁን አመነ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ያዕቆብ በሜዳ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። ስፍራው ባዶ ነበር የመሰለው። እግዚአብሔርን በሕልሙ ካየው በኋላ ሲነቃ ምን አለ? «በእውነት እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር።» ሳያውቅም በዚያው ነበር።

ይህን ስል አካል አይጠቅምም ማለቴ እንዳይመስልሽ። «ልብ ካለ ይበቃል፣ መስገድና መስቀል መሳለም ምን ያደርጋል» የሚሉም አሉና እነርሱም ተሳስተዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጌታን «የሰማነውን፣ በዓይኖቻችን ያየነውን፣ እጆቻችን የዳሰሱትን» እያለ ነው የሰበከን። እግዚአብሔር ሥጋ ለብሶ መጥቷል። ስለዚህ በውኃ ያጠምቀናል፣ በዘይት ያትመናል፣ ሥጋውንና ደሙን ያበላናል፣ ያጠጣናል። እነዚህን ስጦታዎች የሚሰጠን ግን በሰውነታችን በኩል እንድንቀበላቸው ነው። የተሰማንን መጠን ይዘን እርሱን እንድንመዝንበት አይደለም።

ቅዳሴውን ልብ ብለሽ ስሚው። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። እግርሽን፣ ዓይንሽን ያዝዛል። «ይሰማችሁ» ብሎ ግን አዝዞ አያውቅም። ሕዝቡም የሚመልሰው «ነአምን ወንትአመን» ብሎ ነው፤ እናምናለን፣ እንታመናለን።

በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ ካህኑ በተቀደሰው ቅባት በሜሮን 36 ቦታ አትሞሻል። አፍንጫሽም አንዱ ነበር። ያኔ ምን ተሰማሽ? ምናልባት አልቅሰሽ ይሆናል፣ ምናልባት ተኝተሽ። ጸጋው ግን ተሰጥቶሻል። ያንን ማኅተም ኮቪድ አይፍቀውም።

ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ጠዋት እጃቸውን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ይለቁኛል። በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው መቃኑ ላይ አንድ ቦታ ያገኛሉ። ድንጋዩ እዚያ ጋ ስንት ዘመን ሲሳም ኖሮ ልሙጥ ሆኗል፣ ትንሽም ጎድጉዷል። ግንባራቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ይቆያሉ። እኔ ልጅ ነበርኩና ሥዕሎቹን ማየት ባለመቻላቸው አዝንላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ስለዚህ እኅቴ፣ እሑድ ካህኑ ጽናውን ይዞ በአጠገብሽ ሲያልፍ በጽናው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቃጭሎች፣ የሻኩራውን፣ ድምፅ ስሚ። ጭሱን ወደ ላይ ሲወጣ እዪው፣ አንገትሽንም ዝቅ አድርጊ። «ጸሎቴን እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» በይ። ምንም ካልተሰማሽ አትደንግጪ፣ ቅዳሴውን ጨርሺ።

ጓደኛሽንም አትቀየሚያት፤ የሰማችውን ነው የደገመችው። ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ መታከም እምነት ማጉደል አይደለም። ማሽተትሽ ሲመለስ ጻፊልኝ። ባይመለስም ጻፊልኝ።