ጠዋት ብቻ የምታስል ኮሮላ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ይሄን ገጽ ሁሌ አነበዋለሁ ዛሬ ግን እኔው ባለጉዳይ ሆኜ መጣሁ። የምኖረው ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ ነው፣ መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት በፈረንጅ 1994 የተሰራች ኮሮላ ናት፣ 1.3 ኢንጀክሽን፣ ማንዋል። ችግሯ ጠዋት ነው። ሳስነሳት ትነሳለች ግን ሁለመናዋ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል፣ ጭስ ማውጫዋ ፑፍ ፑፍ ይላል፣ ነዳጅ ስረግጥ ታስላለች እንጂ ወደፊት የለም። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ቀጥ ትልና ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ሞቃ ስለምትደርስ "እህቴ ይቺ መኪና ምንም የለባትም" ይሉኛል። አንዱ ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን) ቀየረ፣ ሌላው የቤንዚን ፓምፕ ቀየረ፣ ሌላው ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን) አጠበ፣ ያው ናት። አሁን የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፣ ያገለገለ ፈልጊ እያሉኝ ነው። ሌላ እንኳን ምንም የላትም፣ ውሃ ትንሽ ትጠጣለች፣ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ስመለስ አርሲ ነገሌ ጋ ሙቀቷ ከፍ ብሎብኝ ቆሜ ውሃ ጨምሬ ነው የመጣሁት፣ ከዛ ወዲህ ግን ደህና ናት። ሽጫትና ተገላገይ የሚለኝም አለ፣ ግን የአባቴ ናት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን እንዳትገዢ። መሸጡንም ተይው፣ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ኮሮላ ሸጦ በምትኩ ደህና የሚያገኝ ሰው እምብዛም አላየሁም።

ጋራዦቹ ያላገኙት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም (አንዳንዶቹ ናቸው፣ እሱን እንተወውና)፣ መኪናዋ እዛ ስትደርስ ሞቶ የነበረው ሲሊንደር ነፍስ ዘርቶ ስለሚደርስ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር የሚታይ ችግር በቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ወይ መኪናዋን ማታ ጋራዥ አሳድሪያትና ጠዋት ተገኚ፣ ወይ መካኒኩን 12 ሰዓት ላይ ቤት ጥሪው፣ ቡና አፍልተሽ ጠብቂው፣ ቁልፉን ግን እሱ ሳይመጣ እንዳትነኪው።

ሞተር ሲቀዘቅዝ ሁሉ ነገር ይከብደዋል። ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ጠዋት ጠዋት አብዝቶ የሚረጨው ለዚህ ነው፣ እና ካንዴላም በይው እሳት የሚወስድለት ገመድ ትንሽ ደከም ያለ ነገር ካለ የዛን ሰዓት ይጋለጣል፣ ሲሞቅ ይሸፈናል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርጥበት ነው፣ የሐይቅ ዳር ሰው ነሽና። ንጋት ላይ መስታወቱ ጤዛ ከያዘ ኮፈኑ ስርም ያው ነው፣ የዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለው) ክዳን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለችው ደግሞ እሳቱ ካንዴላው ጋ በመድረስ ፈንታ በእርጥቡ በኩል ወደ ብረቱ ይሾልካል። ይሄን ለማየት ገና ሳይነጋ በጨለማ አስነስተሽ ኮፈኑን ክፈቺና ፀጉር ቤት ባለችው የውሃ መርጫ ገመዶቹና ክዳኑ ላይ እንደ ጉም ስስ አድርገሽ እርጪበት፣ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ካየሽ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። እጅሽን አርቂ፣ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ ነጠላም አድርገሽ እንዳታጎነብሺ ቺንጋው (ሞተሩ ጎን የሚዞረው ቀበቶ) አይምርም።

ብልጭታ ከሌለ ወደ ዋናው ጥያቄ ግቢ፣ የሚያስለው አንድ ሲሊንደር ነው ወይስ አራቱም? ይሄ ሳይታወቅ እቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የቤንዚን ፓምፕ ለአራቱም ነው የሚሰራው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም ለአራቱም ነው (ሁለት ሽቦ ያለው ነው፣ በቴስተር ሲለካ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት)፣ ኮምፒውተሩም ያው። የሞተው አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ እነዚህን መቀየር ምን ይረባል?

ለማወቅ የድሮ መካኒኮች ዘዴ አለ፣ ብር አያስወጣም። ጭስ ከአራቱ ሲሊንደር የሚሰበሰብበት ብረት አለ፣ አራት ቅርንጫፍ ያለው፣ ላዩ ላይ የቆርቆሮ መከለያ አለበት፣ መከለያውን ማታ ፍቱት። ጠዋት አስነስታችሁ እስከ 30 ድረስ ቁጠሩና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በየቅርንጫፉ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ምጣዱ ግሎ እንደሆነ ውሃ ጠብ አድርገሽ እንደምታይው ነው እንግዲህ፣ የሚሰራው ሲሊንደር ጭስስ ይላል፣ የማይሰራው ዝም ይላል። ቁጥር 1 በቺንጋው በኩል ያለው ነው።

ዝም ያለውን ስታገኙ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ለዋውጡትና በማግስቱ ድገሙት፣ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ አለቀ፣ ካልሄደ ገመዱን። በአንድ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለቱን ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደነበረ አታውቁትም። ገመዱ በቴስተር ከ25 ኪሎ ኦም በላይ ካሳየ ይጣል። ካንዴላውም ካርቶኑ ላይ የቁጥሩ መጨረሻ 11 ከሆነ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው፣ አዲስ ነው ተብሎ ሳይለካ የገባ ካንዴላ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል።

አሁን ግን "ሌላ እንኳን ምንም የላትም" ብለሽ ወዳለፍሽው ልመለስ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ውሃ ትጠጣለች፣ አርሲ ነገሌ ላይ ሞቃለች፣ ጠዋት ብቻ ታስላለች። ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳኑ፣ በቴስታታው፣ መሃል ያለው ማሸጊያ) ይሸተኛል። ሞተር ሲጠፋም ውሃው ውስጥ ግፊቱ ቶሎ አይወርድም፣ ጓርኒሲዮኑ በሲሊንደርና በውሃ መንገድ መሃል ትንሽ ከተበላ ሌሊቱን ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ፒስተኑ ላይ ያድራል። ጠዋት ያ ሲሊንደር እርጥብ ነው፣ እሳት አይዝም፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሰራ ይደርቃል፣ ብረቱም ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ቀዳዳዋ ትጠባለች። ስለዚህ ማታ የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ አስምሪበት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መካኒኩ አራቱንም ካንዴላ ይፍታ፣ የኢንጀክተሮቹንና የእሳቱን ሶኬት ይንቀል፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ አድርጎ ሞተሩን ያዙር፣ ፊቱን ግን ያርቅ። ጨርቁ ከራሰ አሽቺው፣ ቤንዚን ነው ወይስ ውሃ? ይሄን አታቆይው፣ አንድ ቀን ውሃው ከበዛ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

(ይሄን መልስ ቀድመን በስልክ ልከንላት ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲህ ብላ ጻፈችልን።)

ጋሼ፣ ብልጭታ አላየንም። መካኒኩ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጃኬቱን ለብሶ እያዛጋ መጣ፣ በሲሪንጅ ሲባል ሳቀ፣ ግን አደረገው። አንደኛው ጭስስ፣ ሁለተኛው ጭስስ፣ ሦስተኛው ላይ ውሃው እንደ እንባ ቁልቁል ወረደ፣ አራተኛው ጭስስ። ከዛ በኋላ አልሳቀም። ካንዴላውን ከሁለተኛው ጋር ለዋወጥነው፣ በማግስቱም ያው ሦስተኛው ነው፣ ገመዱም እንደዛው። በቀጣዩ ቀን ሳናስነሳት ካንዴላዎቹን ፈታን፣ ሦስቱ ቡናማ ናቸው የሦስተኛው ግን በኦሞ የታጠበ ነው የሚመስለው፣ ሞተሩን ስናዞረው ጨርቁ በአንድ በኩል ብቻ ራሰ፣ አሸተትኩት፣ ቤንዚን አይሸትም። ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በሦስተኛው በኩል የጥፍሬን ግማሽ ያህል ተበልቶ ነበር። አሁን ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚያስተካክሉበት) ነው። ሌላ ደግሞ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደው) ቦታው ላይ የለም፣ ስፈልግ አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አስቀምጦት አገኘሁት። መካኒኩ ለአገራችን ሙቀት አያስፈልግም ይላል። ልመልሰው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ መልሽው። "ለአገራችን አያስፈልግም" የሚለው ንግግር ከእኔ እድሜ ይበልጣል መሰለኝ። ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ማብዛቱን አያቆምም፣ ቤንዚንሽም ይሄዳል ዘይትሽም ይቀጥናል። አርሲ ነገሌ ላይ ያሞቃት የሱ አለመኖር ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱን ለብቻው ፈልጉት፣ ራዲያተሩ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ፋኑ በሰዓቱ ይነሳ እንደሆነ፣ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ደርቆ እንደሆነ። ክዳኑን ሰው ይንቀዋል፣ ግን ሐዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባዶ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ግፊት የሚይዝ ክዳን ከሌለ ሞተርሽ ከመፍላት በምንም አይርቅም። ኩላንት አድርጊ፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል የሚልሽን አትስሚ።

ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ሲመለስ መካኒኩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ላዩ ላይ አጋድሞ ያሳይሽ፣ ከስሩ ብርሃን መታየት የለበትም። ብሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ነው የሚጠብቁት፣ ባንዴ አይደለም። ቆመሽ እዪ፣ አይከፋውም፣ ቢከፋውም ይክፋው።

የአባትሽን ቴርሞስታት ደግሞ ከመግጠምሽ በፊት ሞክሪው። ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ ብዙ ቶዮታ ላይ 82 ነው። በክር አንጠልጥለሽ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጣጂው፣ ውሃው መንተክተክ ሳይጀምር አፉን መክፈት መጀመር አለበት፣ እየፈላም ዝም ካለ ሌላ ግዢ። ዙሪያውን ያለችውን የጎማ ቀለበት ግን በማንኛውም መንገድ አዲስ አድርጊያት። ድስቱን ለወጥ አትመልሺው፣ የመኪና ድስት ይሁን።