ባክቴሪያ የሚገድለው ቫይረስ ለዶሮዎቼ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቢሾፍቱ ውስጥ 400 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ሰሞኑን ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቢጫ ተቅማጥ ገብቶባቸው እየሞቱብኝ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ትንሽ ሻል ካላቸው በኋላ አገረሸባቸው። ልጄ ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድል ቫይረስ አለ ትለኛለች። ፈንግል ያደረሰብኝን ስለማልረሳ ቫይረስ ሲባል እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። ልጅዎ ያለችው እውነት ነው፤ ፋጅ ይባላል። የፈንግል ቫይረስ የሚራባው ዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ነው። ፋጅ ግን የሚራባው ባክቴሪያ ውስጥ ብቻ ነው። ገብቶ ይባዛና ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል፤ ዶሮዋን አይነካም።

ደስ የሚለኝ፣ ሕክምናው የተጀመረው በዶሮ መሆኑ ነው። ፌሊክስ ዴሬል የሚባል ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 በፈረንሳይ ገጠር፣ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣውን የዶሮ ታይፎይድ በፋጅ አከመ። በሰው ላይ የሞከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ግን ፋጅ መራጭ ነው። ሳልሞኔላን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ሌላ ባክቴሪያ አይነካም። ባክቴሪያውም ሊለምደው ስለሚችል ብዙ ጊዜ የተለያዩ ፋጆች ተቀላቅለው ይሰጣሉ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ፋጁ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ሰው ፋጅ ነው ብሎ ጠርሙስ ቢያመጣልዎ፣ የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚገድል መጀመሪያ ይጠይቁት።

የነገሩኝ ምልክት የዶሮ ታይፎይድ ይመስላል። ፈንግልም አረንጓዴ ተቅማጥ ያመጣል፤ እሱ ከሆነ አንቲባዮቲኩም ፋጁም አይሠራም። ዛሬውኑ አዲስ የሞተች ዶሮ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ እንስሳት ሕክምና ላብራቶሪ ይውሰዱ። እዚያው ከተማዎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

ታይፎይድ ከሆነ ያገረሸበት ምክንያት ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ሞቱን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን ከቤቱ ጠራርጎ አያወጣም። የዳኑት ዶሮዎች ባክቴሪያውን ተሸክመው ይቀራሉ፤ በኩስና በእንቁላል ያስተላልፉታል። ከእነዚህ ጫጩት አያስፈልፍሉ። አዲስ ዶሮዎች ከማስገባትዎ በፊት ቤቱን በደንብ አጥበው በፀረ ጀርም መድኃኒት ያጽዱ፤ ከዚያ አዲሶቹን ያስከትቡ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ አንቲባዮቲክ እየሰጡ ከከተቡ ይከሽፋል። መድኃኒት የሚወስዱት ዶሮዎች የጣሉትን እንቁላል ደግሞ ሐኪሙ የሚነግርዎት ቀን እስኪያልፍ አይሽጡ፤ ለቤትም አይጠቀሙበት።