ጳጉሜን 6ን የካደው ፕሮግራሜ

ልጆቼ፣ ባለፈው እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ ቴስት መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?» ብሎኝ ነበር፤ ቴስት ማለት ሌላውን ኮድ አስኬዶ፣ ያወጣው ውጤት ከሚጠበቀው ጋር መግጠሙን የሚያይ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስቄ አለፍኩት። መልሱ ለአንድ ስኒ ቡና ስለሚረዝም ነው፤ እነሆ ጻፍኩላችሁ።

በ2007 ዓ.ም. ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼ ነበር። የአውሮፓን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ አውሮፓ የሚመልሰው ክፍል ኩራቴ ነበር። ጉግል ቴስት በሚባለው የቴስት ማዕቀፍ 14 ቴስት ጽፌለት፣ ባስኬድኩት ቁጥር ሁሉም አረንጓዴ ይበራል። በዓመቱ መጨረሻ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዓርብ ጠዋት፣ ገንዘብ ያዥዋ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን የለም ይላል።»

ስደርስ ወረፋው ከበር ውጭ ወጥቷል። ለነገ በግ የሚገዛው ሁሉ ቁጠባውን ሊያወጣ መጥቷል። አንድ አባት «ቀኑ የለም ካላችሁ ዕዳዬም የለም» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። ያን ቀን በወረቀት ስንመዘግብ ዋልን።

ጥፋቱ የኔ ነው። የአውሮፓው ደንብ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበር፣ የኛም ዓመት ለአራት ተካፍሎ ምንም ካልተረፈው ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች ብዬ ጻፍኩ። ታዲያ 14ቱ ቴስቶች ምን ሲጠብቁ ነበር? ቴስቶቹን የጻፍኩት ፕሮግራሙን አስኬጄ፣ ያወጣውን ቀን ቀድቼ «የሚጠበቀው ይህ ነው» ብዬ በመለጠፍ ነው። ተከሳሹን ራሱን ምስክር አድርጌ አቁሜዋለሁ። ቀኑን ወደ አውሮፓ ወስዶ መልሶ የሚያመጣ ቴስትም ነበረኝ፤ እሱም አልፏል። ሲሄድ የተሳሳተው ሲመለስ በዚያው ልክ ስለሚሳሳት የተነሳበት ቦታ ይደርሳል።

ማታ ጎረቤቴ መሪጌታ ዘንድ ገብቼ ጉዴን አወራኋቸው። ጠላውን አስቀመጡና «አንተ፣ ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «2007 ላይ 5500 ጨምር። 7507 አይደል? ለአራት ግደፈው። ስንት ተረፈ?»

«ሦስት።»

«አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ትርፍ ሲጠፋ ዮሐንስ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ለዮሐንስ ሊያስረክብ ሲል ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?»

ከዚያ ወዲህ የምጠብቀውን ውጤት ከኮዱ ወስጄ አላውቅም። ኮዱን ያላየ ሰው ወይም ወረቀት እፈልጋለሁ፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ፣ በእጅ የተሠራ የወለድ ስሌት፣ አሮጌ የቁጠባ ደብተር። ማዕቀፉ ሁለት ቁጥር አነጻጽሮ እኩል ናቸው ወይም አይደሉም ይላል እንጂ የትኛው እውነት እንደሆነ አያውቅም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የቀረው የሙያ ነገር ነው፤ በአጭሩ ላንሳው። በሲ ፕላስ ፕላስ ቴስቱ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የራሱ ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ፋንክሽን፣ ማለትም የኮድ ክፍል) አለው። ስሌታችሁን ከሜይን ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ካጨቃችሁት፣ ሁለቱን ስታገናኙ ሊንከሩ (የኮድ ክፍሎቹን አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገጣጥመው) «ሁለት ሜይን አለ» ብሎ ይጮህባችኋል። ስለዚህ ስሌቱን ለብቻው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) አድርጉትና ዋናው ፕሮግራምም ቴስቱም ከዚያ ይውሰዱ። ጉግል ቴስት ውጤቱን ከሚጠበቀው ጋር የሚያነጻጽርባቸው ሁለት ዓይነት ትእዛዞች አሉት፦ ኤክስፔክት የሚባለው ሲወድቅ መዝግቦ ይቀጥላል፤ አሰርት ግን ያን ፋንክሽን እዚያው ያቋርጣል። አሰርትን እኔ የምጠቀመው ቀጣዩ መስመር ባዶ ፖይንተር (ወደ ምንም የማያመለክት የሜሞሪ አድራሻ) የሚነካ ከሆነ ብቻ ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ በእኩልነት አይነጻጸርም። 0.1 እና 0.2 ስትደምሩ በኮምፒውተር ልክ 0.3 አይወጣም፤ ለዚህ የተፈቀደውን ልዩነት የምትሰጡት ኤክስፔክት ኒር አለ። ለብር ግን እሱም አይበጀኝም፤ ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር ያዙ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። የወሮቹን ቀናት የያዘው ሠንጠረዤ መጀመሪያ 12 ክፍል ብቻ ነበረው፤ 13ኛው ወር ተረስቷል። ጃቫ ቢሆን ወዲያው ስህተት ብሎ ይቆም ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ሜሞሪ ላይ ያለውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ አንብቦ ሊያመጣላችሁ ይችላል። የእኔ ላፕቶፕ ላይ እንዳጋጣሚ የሚያስኬድ ቁጥር መጣና ቴስቱ አለፈ፤ የማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ቁጥር መጣ። ቴስቶቻችሁን ስትገነቡ የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን መሣሪያ፣ አድረስ ሳኒታይዘርን፣ አብሩት። እንዲህ ካለው ሠንጠረዥ ውጭ የሚያነብ መስመር ሲያገኝ ፕሮግራሙን ያቆማል፤ ከዲበግ መረጃ ጋር ከገነባችሁት የመስመሩን ቁጥር ጭምር ይነግራችኋል። ያዘገያል፣ አውቃለሁ። ይዘግይ።

ደግሞ ለእኛ አገር የሚሆን ምክር፦ ግንባታውን የሚመራው ሲሜክ ጉግል ቴስትን ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት። መስመሩ በጠፋ ቀን አዲስ ማሽን ላይ መገንባት ያቅታችኋል። ሶርስ ኮዱን አንዴ አውርዳችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጡት።

የመሪጌታን ስሌት እንዳለ ቴስት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ 1999፣ 2003፣ 2007፣ 2011 እያለ ይቀጥላል። የቴስቱንም ስም «ሉቃስ» አልኩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕሮግራሙን የተረከበኝ ልጅ ኮዱን ሲያነብ ውሎ ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ ሉቃስ የሚባለው ፕሮግራመር አሁን የት ነው የሚሠራው?»