ማይክሮዌቩን ተዉት፣ የደረት ኪሳቸውን ፈትሹ

እህቴ፣ አባትሽ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ) ከተገጠመላቸው ሁለት ሳምንት እንደሆናቸው፣ እናንተም ማይክሮዌቩን ከቤት አውጥታችሁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ ስልካቸውን እንደወሰዳችሁባቸው ጽፈሽ «አበዛነው ይሆን?» ብለሻል። እኔ ይህን መሣሪያ ደረቴ ውስጥ ይዤ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አዎ፣ አብዝታችሁታል። ስልካቸውን መልሱላቸው።

የእኔም ቤተሰብ እንደዚሁ ነበር። ማይክሮዌቩ ሊበራ ሲል ባለቤቴ ከወጥ ቤት ታስወጣኝ ነበር፤ ዕቃ ማጠብ ስለቀረልኝ አልተከራከርኳትም። የፈራነው ሁሉ አንድም ቀን አልነካኝም። የነካኝ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩት ነው።

አንድ ምሽት ተቀምጬ ሳነብ፣ ደረጃ ሮጬ የወጣሁ ይመስል ልቤ ይመታ ጀመር። ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፌ ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 85። ወትሮ ተቀምጬ ከ60 እምብዛም አልርቅም። ይበልጥ የገረመኝ ግን ፍጥነቱ ሳይሆን አለመዛነፉ ነው፤ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። ልተኛ ብዬ ሸሚዜን ሳወልቅ ወዲያው ረጋ። በሸሚዙ የግራ ኪስ ውስጥ የገመድ አልባ ማዳመጫዬ መያዣ ነበረ። ክዳኑን ገጥሞ የሚይዘው ማግኔት ነው።

በቀጣዩ ምርመራ ባለሙያዋ የቀለበት ቅርጽ ያለው ማግኔት ደረቴ ላይ ስታሳርፍ ያው ስሜት ተመልሶ መጣ። «ይኸው ነው!» አልኳት። ፔስሜከር ልብን ያዳምጣል፤ ልብ ራሱ ከመታ ዝም ይላል፣ ሲዘገይ ይቀሰቅሰዋል። ማግኔት በጣም ሲጠጋው ማዳመጡን ትቶ በተወሰነለት ፍጥነት ብቻ ይመታል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ አይበላሽም። ዲፊብሪሌተር (ልብ በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልሰው መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ሕይወት የሚያድነው የኤሌክትሪክ ምት ሊታገድበት ይችላል፣ እሱም ላይታወቀው ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ርቀት ነው። ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በገመድ አልባ ቻርጅ ላይ ካለ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አባትሽ መሣሪያው ከሌለበት ወገን ባለው ጆሮ ያውሩ፣ ስልኩንም በሱሪ ኪስ ይያዙ። ከ2020 ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ አይፎኖች በጀርባቸው የማግኔት ቀለበት ስላላቸው የደረት ኪስ ጨርሶ አይሆንም። ድስቱን በማግኔት ኃይል ከሚያሞቀው ከኢንዳክሽን ምድጃ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። ማይክሮዌቭና ቴሌቪዥን አያሳስቡ፤ መሣሪያው በቲታኒየም የታሸገ ነው። የሰውነት ስብ የሚለካው ሚዛን በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ይቅርባቸው፤ ደግሞ ማን ይናፍቀዋል!

በሱቅ የስርቆት መከላከያ በርና በአውሮፕላን ማረፊያ የብረት መፈተሻ ሳይቆሙ ይለፉ። አደጋው ከማለፉ ሳይሆን በሩን ተደግፎ ወሬ ከመጀመሩ ነው። በእጅ የሚያዘው መፈተሻ ደረታቸው ላይ እንዳይቆይ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ አሳይተው ይጠይቁ። ብየዳ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩ። የትም ቦታ ቢያዞራቸው ወይም ልባቸው ቢዛባባቸው በመጀመሪያ ከዕቃው ይራቁ፤ ካልተዋቸው ወደ ሐኪም።

ካርዱ ላይ የመሣሪያው ሞዴል ተጽፏል። አንዳንዱ ሞዴል ለኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ ለሚያሳየው ምርመራ) ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ አይፈቀድም። ዛሬውኑ ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው።